ሐቢባ ጋ ሳይቆም አያልፍም

ቀናተኛ ነኝ። ሌላው ሰው ሲያድበሰብስ አያለሁ፤ እኔ ምን አድበሰበሰኝ! ሰመራ መጥታችሁ የዙሌይካ ሻይ ቤት የቱ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ሻዩን ያመሰግኑላችኋል፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ባሏን ግን ቀና ብላችሁ እንዳታዩ" ይሏችኋል። ውሸት የለበትም። ሙሐመድአሚን ሚኒባስ ነጂ ነው። ቁመናው ያምራል፣ ሲስቅ ጉንጩ ይሰረጉዳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ኖሬ ዛሬም አንዲት ሴት ፈገግ ብላ ካናገረችው ቆሽቴ ያራል። አንዴ ሎጊያ ላይ አንዲት መንገደኛ "ወንድምዬ" ብላ ትከሻውን መታ ስላደረገችው ሦስት ቀን ሙሉ አኮረፍኩ። እሱ ታዲያ ምን ያደርጋል? ይስቃል። የሚያበግነኝ ሳቁ ነው።

የአዋሽ ሰባት ልጅ ነኝ፤ የባቡር ጣቢያ ልጅ። አባቴ አብዱረህማን ከወሎ ወርዶ እድሜውን የጨረሰው ሐዲድ ላይ ነው። በእኛ ግቢ መስጊድ የሚሄደውም ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም ሰዓቱን የሚያውቀው በባቡሩ ፊሽካ ነበር። አባቴ "ባቡር ዳገት አይወድም" ይል ነበር፤ እኔም አልወድም። ዓይኔን ሜዳው ላይ ለቅቄ እስኪደክመኝ ማየት ነው የለመድኩት። የሚመጣውና የሚሄደው ሁሉ ከሩቁ ይታየኛል። ተራራ ግን ይደብቃል። የሚደብቅ ነገር ደግሞ ከድሮም አይስማማኝም።

ሙሐመድአሚን ሲያገባኝ የእናቱ ቤት ከባቲ በላይ ተራራው ላይ ነበር። ኒካው አዋሽ ታሰረ፤ ከዚያ ሙሽራዋን ይዞ ወደ እናቱ መውጣት ነው። በእነሱ መንደር ወግ አማት ደጃፍ ላይ ቆማ ሙሽራዋን ትጠብቃለች። በልቧ ይዛ የቆየችውን አዲስ ስም አውጥታ ትጠራታለች፤ ሙሽራዋ "አቤት" ሳትል ደፉን አትሻገርም። ስሙን እስከዚያች ደቂቃ ከአማትየዋ በቀር ማንም አያውቀውም።

እኔ ስሜን ሳልሰማ ቀረሁ። ተከናንቤ ተቀምጬ፣ ተራራው ወገብ ላይ መኪናው ሲጠማዘዝ ዓይኔን ብገልጥ መሬት የለም! ከጎማው ወዲያ ገደል ነው፣ ከገደሉ ውስጥ ጉም ይተነፍሳል። ጮህኩ፣ መኪናውን አስቆምኩ። ወርጄ መሃል መንገድ ላይ ከነቬሌ ቁጭ አልኩና "ብትገድሉኝ ከዚህ አላልፍም!" አልኩ። ሽማግሌ ለመነኝ፣ ሚዜ ለመነኝ፣ ሙሐመድአሚን ራሱ ለመነኝ፤ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ በሌላ መኪና ወደ ሚሌ መለሱኝ፤ እሱ ብቻውን ወጥቶ ለእናቱ ነገራቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ እናቱ ሞቱ። እኔ አራስ ነበርኩ፤ ለቀብርም አልወጣሁም። ፊታቸውን ሳላየው ቀረሁ ማለት ነው።

እፍረት ደግሞ እኔ ጋ ሲደርስ ቁጣ ይሆናል። "ያንን ቀንና ያንን መንገድ በቤቴ ውስጥ ያነሳ ሰው፣ ወላሂ ወዮለት!" ብዬ ማልኩ። ሙሐመድአሚንም ሰማኝ። እንኳን ሊያነሳው ወደዚያ በሄደበት ቀን "ላይ ነበርኩ" ብቻ ብሎ ነው የሚያልፈው።

እንግዲህ ዘንድሮ አረፋን አዋሽ፣ እህቴ ሁሪያ ዘንድ አሳለፍን። እሁድ ከሰዓት እሱ ግቢ ውስጥ ጎማ ላይ ተቀምጦ ከጓደኛው ከከድሩ ጋር በስልክ ያወራል። ከድሩም ሹፌር ነው፤ ከኮምቦልቻ ነው የሚደውለው። ሙሐመድአሚን እጁ ሥራ ላይ ስለሆነ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ መሬት አስቀምጦታል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነኝ። ሰው ሲያወራ ማድመጥ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ሁሌም እያወቅኩ ነው የማደምጠው።

"ሐቢባ እንዴት ናት?" አለ የእኔ ባል።

"ዛሬማ ታጥባ ነው ያደረችው። ማሻአላህ፣ ታምራለች" አለ ከድሩ።

"ነገ እደርሳለሁ።"

"ትቆማለህ?"

"ሐቢባ ጋ ሳልቆም መቼ አልፌ አውቃለሁ?"

"አንተማ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ!" አለና ሳቀ ያ ከድሩ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት! ማለት ከሰርጌ ጀምሮ! እኔ ትከሻውን ለነካችው መንገደኛ ሦስት ቀን ሳኮርፍ እሱ ለካ ላይ ቤት አለው! ታጥባ አደረች ይላል እንዴ፣ ምን አገባውና ነው ከድሩ መታጠቧን የሚያውቀው? እኔ የሰመራ ሙቀት እንደ ዳቦ ሲጋግረኝ እየዋልኩ፣ እሷ ደጋ ላይ ሆና ታጥባ፣ አምራ፣ ባሌን ትጠብቃለች!

"ለምን አትጠይቂውም?" አለችኝ ሁሪያ። እህቴ ረጋ ያለች ናት፤ ይህም ያናድደኛል።

"ጠይቄው ሊዋሸኝ? እጅ ከፍንጅ ነው የምይዘው!"

ወሰንኩ። የኒካ ወረቀቴ ከሰርጌ ጀምሮ አዋሽ፣ አባቴ ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። አወጣሁትና ከቦርሳዬ ሥር፣ ከልብሴ በታች አደረግኩት። ወንድሜ ካሊድ ኮምቦልቻ ይኖራል። ሐቢባን በዓይኔ ካየኋት ካሊድ ቤት እገባለሁ፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ፍቺዬን ይዤ እንጂ የሙሐመድአሚን ሚስት ሆኜ ሰመራ አልመለስም። ካሊድ እዚያ አሥር ዓመት ኖሯል፣ ቤቱን አይቼው አላውቅም፤ መንገዱን ፈርቼ። ሁሪያ ይህን ስታስታውሰኝ "ቅናቴ ከፍርሃቴ ይበልጣል" አልኳት። አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፣ ለማልቀስ ጊዜ አልነበረኝም።

ሰኞ ማለዳ ተነሳን። ከኋላ ለባቲ ገበያ የሚሄዱ ነጋዴዎች ሞልተዋል፤ እኔ ጋቢና ከጎኑ። ሁልጊዜ የሚያደርገው ሚሌ መገንጠያ ላይ እኔን ወደ ሰመራ መኪና ያሳፍረኝና እሱ ወደ ላይ ይዞራል። ዛሬም እንደዚያ መስሎታል። እኔም ዝም አልኩ።

አዋሽ አርባ ላይ ጎማ ሊያስነፋ ቆመ። አንዲት ሙዝ ሻጭ ከማዶ "ሙሔ! እንኳን አደረሰህ!" አለችው። ሙሔ! እኔ እንኳ ሙሔ ብዬው አላውቅም። "ስሟ ማነው?" አልኩት። "እኔ እንጃ፣ ሙዝ ነው የምትሸጠው" አለኝ። ስሟን ሳያውቅ ስሙን ያቆላመጠችለት ሴት ስንት ትሆን?

ገዋኔ ላይ ሻይ ሲጠጣ አሳላፊዋ ሳትጠይቀው ስኳር አንድ ማንኪያ ብቻ ጨመረችለት። አንድ ማንኪያ መሆኑን በዓለም ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የእኔን ሻይ ሳልጨርሰው ተነሳሁ።

አዳይቱ ስንደርስ ግን ጉድ ፈላ። የግመል ወተት ሊገዛ ወርዶ እኔ መስኮቱ ላይ እንደተደገፍኩ አንዱ ከጥላው ሥር "ሐቢባ! ሐቢባ!" ብሎ ተጣራ። በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላውቅም። ጫማዬ አንዱ መኪናው ውስጥ ቀርቶ በአንድ እግሬ አሸዋው ላይ ቆምኩ። ከዳሱ ውስጥ ሐቢባ ወጣች። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጥርስ የሌላቸው፣ በበትር የሚሄዱ የአፋር እናት ናቸው! ጀሪካናቸውን ይዘው መጡና "ወተት ትፈልጊያለሽ ልጄ?" አሉኝ። ምን ልበል? ሁለት ሊትር ገዛሁ። ሙሐመድአሚን "ወተት ትጠጫለሽ እንዴ?" ሲለኝ "ከዛሬ ጀምሮ እጠጣለሁ!" ብዬ ጮህኩበት። የግመል ወተት አይስማማኝም። ጠጣሁት።

ሚሌ መገንጠያው ላይ ቆመ። ቦርሳዬን ሊያወርድ ዘወር አለ።

"አልወርድም" አልኩት።

"እንዴት?"

"ካሊድ ናፍቆኛል። እወጣለሁ።"

ፊቱ ተለዋወጠ። ሙሐመድአሚን ጥቁር ሰው ነው፤ አመድ መሰለ። "ዙሌይካ፣ መንገዱ እኮ..." አለ። ስለ መንገዱ ማውራት ክልክል ነዋ!

"መንገዱ ምን?"

"ምንም። ሌላ ቀን ይሁን። እኔ ራሴ ተዘጋጅቼ እወስድሻለሁ።"

ተዘጋጅቼ! ለምን ይሆን የሚዘጋጀው፣ እሷን ሊደብቅ ነዋ! "ዛሬ!" አልኩ። ከኋላ አንዱ ነጋዴ "ገበያው አመለጠን እኮ!" አለ። ሙሐመድአሚን መሪውን ይዞ "ቢስሚላህ" ብሎ ወደ ግራ ታጠፈ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አገሩ ሲያምር ተናደድኩ። ከሚሌ ወዲያ ሜዳው እየታጠፈ፣ እየተነሳ ሄደ። ድንጋዩ ጥቁርነቱን ለቀቀ፣ ቁጥቋጦው ዛፍ ሆነ፣ ነፋሱ ቀዘቀዘ። ባቲ ስንቃረብ ተራሮቹ አንዱ ካንዱ ጀርባ ሰማያዊ ሆነው ቆመዋል፤ ማሽላው ከእርከን እርከን ይወዛወዛል። ሰመራ ላይ አንድ የኒም ዛፍ በባልዲ ውሃ እያጠጣሁ የማሳድግ ሴት ነኝ። ይህን ሁሉ አረንጓዴ በሳምንት ሁለቴ ለብቻው እያየ ቤት ሲመጣ "ደክሞኛል" ነው የሚለኝ! በተራራው ራሱ ቀናሁ፣ በነፋሱም ቀናሁ። መስኮቱን ዘጋሁት።

ባቲ ገበያው ቀልጧል። ነጋዴዎቹ እቃቸውን አውርደው ሄዱ፤ ሚኒባሱ ባዶ ሆነ። እሱ ዘይት ሊያይ ከመኪናው ሥር ሲገባ እኔ ፊት ለፊት ሻይ ቤት ገባሁ። ባለቤቷ ሠርካዲስ ትባላለች፤ ወፈር ያለች፣ ሳቂታ። ከቤቷ ሹፌር አይጠፋም። ሚስቱ መሆኔን አልነገርኳትም።

"ሐቢባ የምትባል ታውቂያለሽ?" አልኳት፣ ምንም እንዳልመሰለኝ።

"ሐቢባን የማያውቅ ሹፌር አለ እንዴ እህቴ!" ብላ ሳቀች። "ስንቱን አስጨንቃለች! የስንቱን ልብ ነው ያወለቀችው! ገና ነሽ፣ እሷ ከላይ ናት።"

"ያ ከመኪናው ሥር ያለው ሹፌርስ ያውቃታል?"

"ሙሔ? ውይ! እሱማ ከሁሉም ይብሳል። ሌላው ሰው አሏህ አሏህ ብሎ ነው የሚያልፋት፤ እሱ ግን ሳይቆምላት አያልፍም አሉ።"

"ቆሞስ? ምን ያደርጋል?"

"ምንም። ወርዶ ያያል አሉ። ያያል፣ ያያል፣ ከዚያ ይሄዳል።"

ያያል! ይኼኔ ነው ተስፋ የቆረጥኩት። ሌላ ነገር ብትለኝ የወንድ ነገር ነው፣ ያልፋል እል ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሞ ማየት ብቻ ግን፣ ይሄማ ፍቅር ነው። እኔን እንዲህ ቆሞ አይቶኝ አያውቅም። እኔን ሲያየኝ "ምሳ ደረሰ?" ነው የሚለው።

ከባቲ ወጣን። ሁለታችን ብቻ። መንገዱ ተራራውን እየተጠመጠመ ወጣ፤ ያ የድሮ ፍርሃቴም ከእግሬ ጀምሮ ወጣ። በአንድ እጄ ወንበሩን፣ በአንድ እጄ ቦርሳዬን፣ ወረቀቱ ያለበትን ጨመደድኩ። ገደሉን ላለማየት እሱን አየሁት። እሱ ፊት ፊቱን ያያል፤ ላብ ጀምሮታል። ተጨነቅ! አልኩ በልቤ። ፍራ! ደርሰንባታል!

ከአንድ ትልቅ ኩርባ ላይ ዳር ይዞ ቆመ። ክላክሱን ሁለቴ ነፋ። ጡ! ጡ! ከዚያ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

"ማንን ነው የምትጠራው?"

"ልማድ ሆኖብኝ ነው" አለ።

ልማድ! ደሜ ፈላ። በሩን በርግጄ ወረድኩ። ገደሉን ረሳሁት፣ ተራራውን ረሳሁት። ወገቤን ይዤ መሃል መንገድ ላይ ቆምኩና፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ፣ "ሐቢባ!" ብዬ ጮህኩ። "ነይ ውጪ! ሐቢባ! ዛሬ ትወጫለሽ! ባለ ባሏ መጥታለች! ሐቢባ!" ገደሉ ድምፄን ተቀብሎ "ቢባ... ቢባ..." እያለ መለሰልኝ። ከሷ በቀር ሁሉም መለሰልኝ።

ሙሐመድአሚን ወርዶ ክው ብሎ ቆሟል። "ማን ነገረሽ?"

"ታዲያ አትክድም! የታለች?"

"ማን?"

"ሐቢባ!"

ያ ሰውዬ አየኝ። ከዚያ በእጁ መሬቱን አሳየኝ። "ቆመሽባታል" አለ። "ሐቢባ ማለት ይሄ ኩርባ ነው። ሹፌሮች ስም አውጥተውላት ነው።"

ኩርባ! ታጥባ ያደረችው ዝናብ ነው! የስንቱን ልብ ያወለቀችው ገደሉ ነው! ሳቅ መጣብኝ፤ "አልሐምዱሊላህ" አልኩ፣ ሳቅኩ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ግን አልሳቀም። ሁሌ የሚስቀው ሰው አልሳቀም፤ ሳቄም እዚያው ቆመ። ቀናተኛ ሴት ደግሞ ሥራ አትፈታም።

"ለምን ሐቢባ አሏት? ሐቢባ ማናት?"

ፊቱን ወደ ገደሉ መለሰ።

"ንገረኝ። መሐላዬን አንስቻለሁ፣ ንገረኝ።"

ከሸለቆው ማዶ በጣቱ አሳየኝ። ባሕር ዛፍ፣ ከሥሩ ዝገት የበላው ቆርቆሮ ቤት፣ በሩ ወደ እኛ የዞረ። "የእናቴ ቤት ያ ነው" አለ። "ያን ቀን ብቻዬን ስደርስ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። ኋላዬን አየችና 'ሐቢባ የታለች?' አለችኝ። ያወጣችልሽ ስም ነው። እኔም ያኔ ነው የሰማሁት።"

"አንተስ ምን አልካቸው?" አልኩት።

"'ኩርባው ላይ ተመለሰች' አልኳት። የሰርጉን መኪና የነዳው ከድሩ ነበር፤ እሱም ሰማ። ከዚያ ወዲህ ሹፌሩ ሁሉ 'ሐቢባ የተመለሰችበት' ይል ጀመር። ሲቆይ 'ሐቢባ' ብቻ ሆነ።"

የተቀመጥኩበትን ድንጋይ፣ መንገዱን፣ ገደሉን አየሁ። ያኔ ከነቬሌ ቁጭ ያልኩበት ነው። አስፋልት ለብሶ፣ የብረት አጥር ተደርጎለት ሳላውቀው ቀረሁ።

"ክላክሱስ?"

"እናቴ በሕይወት እያለች እዚህ ስደርስ ሁለቴ እነፋላታለሁ፤ ከቤት ትወጣለች። ከዚያ ማዶ ሆና ከመኪናው ስንት ሰው እንደሚወርድ ታያለች።" "አንድ ሰው ብቻ ሲወርድ ካየች ተመልሳ ትገባለች። ሁለት ዓመት እንደዚያ ነበር። ከሞተች በኋላም ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።"

አፈርኩ፤ አለቀስኩም። ግን ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ከለቅሶው ቀድሞ የመጣው ቅናት ነው። በሐቢባ ቀናሁ። ደጃፍ ላይ የሚቆምላት አማት ያላት፣ ክላክስ የሚነፋላት፣ ባሌ በየሳምንቱ ወርዶ የሚቆምላት፣ በክፉ አፏ ማንንም ያላስቀየመች ሴት! ዙሌይካን ማን እንዲህ ጠብቋት ያውቃል? ያች ሴት እኔ መሆን ነበረብኝ። በገዛ እጄ ነው እዚህ ጥያት የሄድኩት።

"እንደገና ንፋ" አልኩት።

"ማን ሊሰማ? ባዶ ቤት እኮ ነው።"

"ንፋ አልኩህ!"

ገብቶ ሁለቴ ነፋ። ወርዶም አጠገቤ ቆመ። ሁለት ሰው። ያንን በር አየሁት። ማንም አልወጣም። ክንዱን ያዝኩና ኩርባውን በእግሬ ዞርኩት፤ ገደሉን አላየሁም አልልም፣ አየሁት። ከብረት አጥሩ ማብቂያ ደረስን። ያኔ "ብትገድሉኝ አላልፍም" ካልኩበት ወዲያ ማዶ።

ስልኩ ጮኸ። እጁ በእኔ እጅ ስለተያዘ ማጉያውን ነካው። ከድሩ ነው።

"ሙሔ፣ የት ደረስክ?" አለ። "ሐቢባስ?"

ሙሐመድአሚን ዓይን ዓይኔን አየኝ። ማዶ በሩ እንደተዘጋ ነው።

"አቤት" አልኩ።